የድሃ አገር የሥዕል ተረክ፤ ከሜክሲኮ ጎዳና እስከ ኪንሻሳ ገበያ

የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ጥራዙ የወፈረ፣ ደራሲው የተከበረ፣ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ መጽሐፍ ነው። በርካሽ ወረቀት ታትሞ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠርዙ ተበልቶ፣ በመጨረሻም የሸቀጥ መጠቅለያ ሆኖ ስለሚቀረው ጽሑፍ ታሪክ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በሃያኛው መቶ ዓመት በላቲን አሜሪካ፣ በእስያና በአፍሪካ እጅግ ብዙ ሰው የሳቀበት፣ ያለቀሰበትና ማንበብ የለመደበት ይኸው ሁለተኛው ዓይነት ጽሑፍ ነው። ፈረንጆቹ ኮሚክስ ይሉታል። እኛ የሥዕል ተረክ ብንለው ያስኬዳል። ሥዕሎች በየሣጥናቸው ተራ በተራ ተደርድረው፣ የሰዎቹም ንግግር ከአፋቸው በሚወጣ ክብ መስመር ውስጥ ተጽፎ አንድ ታሪክ የሚነገርበት ጥበብ ማለት ነው።

በመካከላችን «ይኸ የልጆች መጫወቻ ነው፤ እስክሪብቶ እንኳ በስንት ልመና በሚገኝበት ቦታ ስለ እርሱ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አስተያየቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የሥዕል ተረክ በታዳጊ አገሮች እንዴት እንዳደገ ብንመረምር የምናገኘው የዚህን ተቃራኒ ነው። ጥበቡ ሥር የሰደደው ገንዘብ ባጠረበት፣ ፊደል የቆጠረው ሰው ባነሰበት፣ ተራው ሰው ራሱን በመጽሐፍ ውስጥ ሊያይ ባልቻለበት ቦታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ለምን እንደ ሆነና ምን ዋጋ እንዳስከፈለ ማሳየት ነው። ለዚህም ሜክሲኮን ዋና ምሳሌ አድርገን ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮች እንሻገራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንባቢ አይደለም

በ1910 የተጀመረው የሜክሲኮ አብዮት ለአሥር ዓመት ያህል ደም ካፋሰሰ በኋላ አዲሱ መንግሥት ፊቱን ወደ ትምህርት አዞረ። ቢሆንም በ1930 ገደማ ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በዚያው ጊዜ ገጠሬው ኑሮ ሲከብደው ወደ ዋና ከተማይቱ ይጎርፍ ጀመር። «ፓኪን» የተባለው የሥዕል ተረክ መጽሔት በ1934፣ «ፔፒን» እና «ቻማኮ» ደግሞ በ1936 የወጡት ለዚህ አዲስ የከተማ ሕዝብ ነው።

በመጀመሪያ ላይ ከሰሜን አሜሪካ ጋዜጦች የተገዙ ተረኮች ወደ እስፓኝኛ እየተመለሱ ይታተሙ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን አንባቢው የሚፈልገው የገዛ ሰፈሩን ወሬ መሆኑን አሳታሚዎቹ ተረዱ። የአገሩን ልጆች፣ ሠዓሊዎችንና ጸሐፊዎችን ቀጥረው ያሠሩ ጀመር። መጽሔቶቹ በኪስ የሚያዙ ትንንሾች፣ ወረቀታቸው ተራ፣ ቀለማቸውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቡናማ ነበር። በአንዱ እትም ውስጥ የብዙ ተረኮች ቁራሽ ይገኛል። እያንዳንዱ ቁራሽ ልብ በሚሰቀልበት ቦታ ላይ ይቆማል። ስለዚህ አንባቢው የነገውን ሳያይ እንቅልፍ አይወስደውም። «ፔፒን» ከጊዜ በኋላ በየቀኑ የሚወጣ ሆነ። ስሙም ከመግነኑ የተነሣ ሕዝቡ የሥዕል ተረክን ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ «ፔፒኖች» ብሎ ጠራው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የታተመው ቅጂ ብዛት የአንባቢውን ብዛት አይነግረንም። አንድ ሰው የገዛውን ቤተሰቡ ያነበዋል፤ ከዚያ ጎረቤት ይዋሰዋል፤ ማንበብ ለማይችለው አያት ደግሞ የልጅ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ሥዕሉን በጣቱ ያሳየዋል። መግዛት ያልቻለ ይከራያል። በፊሊፒንስ የየመንደሩ ትንንሽ ሱቆች የሥዕል ተረክ ያከራዩ ነበር። በኢንዶኔዥያም ለዚሁ ሥራ የተከፈቱ የኪራይ ንባብ ቤቶች ነበሩ። በቻይናይቱ ሻንጋይ አከራዮቹ መዳፍ የሚያህሉትን የሥዕል መጻሕፍት በመንገድ ዳር ደርድረው፣ ለአንባቢው ትንንሽ መቀመጫ አዘጋጅተው ይውሉ ነበር። በአራት ኪሎ ጎዳና ላይ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ ሲያነብ ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ድሃ ሲያነብ በማኅበር ነው የሚያነበው፤ የሥዕል ተረክም ለዚህ የተመቸ ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ ፊደል የቆጠረ ጎልማሳ ትልቁ ችግሩ ፊደሉን መለየት አይደለም። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። ይደክመዋል፤ ያፍራል፤ መጽሐፉን ያስቀምጣል። የሥዕል ተረክ ግን ይህን ሸክም ያቀልለታል። ማን እንደ ተናገረ ሥዕሉ ያሳየዋል። ተናጋሪው ይቆጣ ወይም ይቀልድ እንደ ሆነ ከፊቱ ያነበዋል። ንግግሩም ሦስት አራት ቃል ብቻ ነው፤ ያውም ራሱ በየቀኑ የሚናገረው ቃል። አንድ ቃል ቢያመልጠው እንኳ ሥዕሉ ይዞት ይሄዳል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ለማወቅ ያለው ጉጉትም ወደሚቀጥለው ሣጥን ይገፋዋል።

በ1944 የሜክሲኮ መንግሥት ማንበብ የሚችል ዜጋ ሁሉ ቢያንስ አንድ የማይችል ሰው እንዲያስተምር የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። በ1979 የተጀመረውን የኢትዮጵያን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሚያስታውስ ሰው ይህ ምን ያህል ሥራ እንደ ሆነ ያውቃል። ከዘመቻ በኋላ የሚመጣውንም ጥያቄ እንዲሁ ያውቃል። ሰውየው ፊደል ቆጠረ፤ የምስክር ወረቀትም ተቀበለ፤ ከዚያ በኋላ ምን ያንብብ? የሚነበብ ነገር በእጁ የሌለው ሰው የቆጠረውን ይረሳል። በሜክሲኮ ግን በየመንገዱ ማዕዘን ላይ በሳንቲም የሚገዛ፣ በየቀኑ የሚታደስ ንባብ ይጠብቀው ነበር። መንግሥት ያስቆጠረውን ፊደል በሕዝቡ ዘንድ ካቆዩት ነገሮች አንዱ ይኸው የተናቀ መጽሔት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚገርመው በዚያው በ1944 ያው መንግሥት ሥዕላዊ መጽሔቶችን የሚመረምር ኮሚሽን ማቋቋሙ ነው። የካቶሊክ ማኅበራት፣ ወላጆችና መምህራን «ልጆቻችን ጠፉ፤ ቋንቋችን ተበላሸ፤ ራቁት ሴት ተሣለች» እያሉ ይከስሱ ነበር። ክሱ ሁሉ ከንቱ አልነበረም፤ በመጽሔቶቹ ውስጥ ርካሽ ነገር ሞልቶ ነበርና። ሆኖም የሁለቱ ውሳኔዎች በአንድ ዓመት መገጣጠም ብዙ ይናገራል። መንግሥት በአንድ እጁ «አንብቡ» ይላል፤ በሌላ እጁ «ምን እንደምታነቡ እኔ ልወስን» ይላል።

የጸጉር አስተካካዩ ቤተሰብ

በ1948 ጋብሪኤል ቫርጋስ የተባለ ሠዓሊ «የቡሮን ቤተሰብ» የሚባለውን ተረክ ጀመረ። በውስጡ ሰማይ የሚበር ጀግና የለም። አባትየው ዶን ሬጂኖ ትንሽ ቤት ያለው ጸጉር አስተካካይ ነው፤ ታጋሽና ሐቀኛ፣ ሐቀኛ በመሆኑም ሁልጊዜ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው። ሚስቱ ቦሮላ ግን እሳት የላሰች ናት። ጓዳው ባዶ ሲሆን አንድ ብልኃት ትፈጥራለች፤ ብልኃቱ ይፈርስባታል፤ በነጋታው ሌላ ትጀምራለች። የሚኖሩት በሜክሲኮ ከተማ ብዙ ተከራይ በአንድ ግቢ ታጭቆ በሚኖርበት፣ ውሃው የጋራ፣ ጠቡና እርቁም የጋራ በሆነበት ሰፈር ነው።

ቫርጋስ የሰፈሩን አነጋገር እንደ ወረደ ጻፈው። የገበያውን ስድብ፣ የሾፌሩን ቀልድ፣ የባልቴቷን ምርቃት ሁሉ በክብ መስመሮቹ ውስጥ አስገባ። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የነበረው ቋንቋ በዚህ መንገድ በወረቀት ላይ የሚነበብ ሆነ። ተረኩ በየጊዜው እየተቋረጠም እየቀጠለም እስከ 2009 ድረስ ዘለቀ፤ ቫርጋስም በ2010 በ95 ዓመቱ ዐረፈ። ስድሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሕዝብ በጸጉር አስተካካይ ቤት ሲስቅ የኖረው ለምንድን ነው? በሌላ ቦታ ሁሉ ድሃው የሚታየው ወይ እንደ ወንጀለኛ ወይ ምጽዋት እንደሚጠብቅ ምስኪን ነበር። በቫርጋስ ዘንድ ግን ድሃው ቤት ያለው፣ ስም ያለው፣ ሚስቱ የምትገሥጸው፣ ጎረቤቱ የሚያማው ሰው ሆነ።

ይሁንና ሕዝብ የወደደው ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። በ1940ዎቹ በዮላንዳ ቫርጋስ ዱልቼ የተደረሰው «ሜሚን ፒንጊን» የአንድ ጥቁር ድሃ ልጅና የልብስ አጣቢ እናቱ ታሪክ ነው። ልጁ ታማኝ ነው፤ እናቱን ይወድዳል፤ አንባቢውም አልቅሶለታል። ነገር ግን የተሣለው ከንፈሩ ያለ ልክ ተልቆ፣ ፊቱ የዝንጀሮ መልክ ተሰጥቶት ነው። በ2005 የሜክሲኮ ፖስታ ቤት የዚህን ልጅ ሥዕል የያዘ ቴምብር ሲያወጣ ከሰሜን አሜሪካ ጥቁሮች ብርቱ ተቃውሞ መጣ። ብዙ ሜክሲኳውያን ደግሞ «የልጅነት ወዳጃችን ነው፤ ምን አደረገ?» ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ሥዕል ነበር የሚያዩት፤ አንደኛው የሚያየው ሲስቅበት እንደ ኖረ ሰው፣ ሌላኛው ደግሞ ሲሣቅበት እንደ ኖረ ሰው ነው። እንግዲህ የሥዕል ተረክን ስንመዝን «ሕዝቡ ወደደው ወይ?» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «የተሣለውስ ሰው ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅም ይገባል።

ሥዕል የሚያስፈራው ማንን ነው

በ1965 ኤድዋርዶ ዴል ሪዮ፣ በብዕር ስሙ ሪዩስ፣ «ሎስ ሱፐርማቾስ» የተባለውን መጽሔት ጀመረ። ታሪኩ የሚፈጸመው ሳን ጋራባቶ በተባለች በሐሳብ የተፈጠረች ትንሽ ከተማ ነው። ከንቲባው ከሥልጣን መውረድን የማያውቅ ሰው ነው። ዋናው ባለታሪክ ካልሶንሲን ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ እንደ ጋቢ ተከናንቦ የሚዞር፣ መጽሐፍ የሚያነብና ጥያቄ የሚያበዛ የአገሬው ተወላጅ ነው። በዚያን ዘመን በሜክሲኮ አንድ ፓርቲ ብቻውን ለብዙ ዓሠርት ዓመታት ይገዛ ስለ ነበረ፣ አንባቢው ሳን ጋራባቶ የት እንዳለች ለመገመት ካርታ አላስፈለገውም።

ሪዩስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአሳታሚው ጋር ተጣልቶ ወጣ። ነገር ግን የመጽሔቱ ስምና ባለታሪኮቹ በአሳታሚው እጅ ቀሩ፤ በሌሎች ሠዓሊዎችም እጅ መሣላቸው ቀጠለ። ካልሶንሲን ብርድ ልብሱን እንደ ለበሰ ነበር፤ አፉ ግን የአባቱ አልነበረም። ሪዩስም በ1968 «ሎስ አጋቻዶስ» የተባለ ሌላ መጽሔት መሠረተ፤ ትርጉሙ «ያጎነበሱት» እንደ ማለት ነው። በኋላ ራሱ እንደ ተረከው፣ በ1969 ወታደሮች ይዘው ወደ ተራራ ወስደው የሚረሽኑት መስለው አስፈራርተውታል። እርሱ ግን አላቆመም። በ1972 የማርክስን ሐሳብ ለጀማሪ በሥዕል የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ፣ ከባድ ትምህርትን በሥዕል ለሚያስረዱ ብዙ መጻሕፍት አርአያ ሆነ። የሪዩስ ሥዕል ቀላል መስመር ነው፤ ሲያሻውም ከአሮጌ መጻሕፍት ሥዕል ቆርጦ ይለጥፍ ነበር። በዚህም ለዚህ ሥራ ከእጅ ቅልጥፍና ይልቅ የሐሳብ ጥራት እንደሚበልጥ አሳየ።

ከሜክሲኮ ወደ ደቡብ ብንወርድ ጥያቄው ይበልጥ ይከርራል። ከውጭ የሚመጣው የሥዕል ተረክ ወጪውን በአገሩ ገበያ ሸፍኖ ስለሚመጣ በድሃ አገር በርካሽ ሊሸጥ ይችላል። የአገሬው ሠዓሊ ደግሞ ወጪው ሁሉ በራሱ ላይ ነው። ስለዚህ ውድድሩ ከመጀመሪያው እኩል አይደለም። ለዚህ ሁለት ዓይነት መልስ ከቺሌ መጣ። አንደኛው የሠዓሊ መልስ ነው። የዲዝኒ ድርጅት በ1942 ስለ ላቲን አሜሪካ በሠራው ፊልም ቺሌን በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ብቻ ወክሎ ሲያልፍ፣ ፔፖ የተባለው ቺሌያዊ ሠዓሊ በነገሩ ቅር ተሰኝቶ በ1949 «ኮንዶሪቶ» የተባለውን ባለታሪክ ፈጠረ። ኮንዶሪቶ ጫማው ክፍት፣ ሱሪው የተጣፈ፣ ተንኮለኛም ደግም የሆነ የኮንዶር አሞራ ነው። ዝናውም በመላው ላቲን አሜሪካ ተሰማ።

ሁለተኛው የምሁራን መልስ ነው። አሪኤል ዶርፍማንና አርማንድ ማተላርት በ1971 ዶናልድ ዳክን የሚመረምር መጽሐፍ አወጡ። በተረኮቹ ውስጥ ሩቅ አገር ሁሉ ውድ ሀብት ያለበት፣ ሕዝቡ ግን ሕፃን የመሰለ፣ ሀብቱን በመጫወቻ የሚለውጥ ሆኖ መቅረቡን አሳዩ። በመስከረም 1973 ወታደሮች የአየንዴን መንግሥት ከገለበጡ በኋላ ይህ መጽሐፍ ከተቃጠሉትና ወደ ባሕር ከተጣሉት መጻሕፍት አንዱ ሆነ። ስለ አንድ ዳክዬ በተጻፈ መጽሐፍ የባሕር ኃይል ይህን ያህል ከደከመ፣ የሥዕል ተረክን «የልጆች ጨዋታ» ብሎ ያልናቀው ማን እንደ ሆነ መገመት ይቻላል።

ከፍተኛውን ዋጋ የከፈለው ግን የአርጀንቲናው ኤክቶር ኼርማን ኦስተርሔልድ ነው። እርሱ ጸሐፊ፣ ፍራንሲስኮ ሶላኖ ሎፔስ ሠዓሊ ሆነው ከ1957 እስከ 1959 «ኤል ኤተርናውታ» የተባለውን ተረክ በየሳምንቱ አወጡ። በቦነስ አይረስ አንድ ሌሊት ወዳጆች ተሰብስበው ካርታ ሲጫወቱ የሚገድል በረዶ ይወርዳል። ጎረቤቶች በቤት ውስጥ ያገኙትን ሰፍተው፣ ጭንብል ሠርተው ይወጣሉ። ከተማይቱን የወረረውን ኃይል የሚጋፈጠው አንድ ኃያል ሰው ሳይሆን እነዚህ ተራ ጎረቤቶች በኅብረት ናቸው። ኦስተርሔልድ እውነተኛው ጀግና ቡድን እንጂ ብቸኛ ሰው አይደለም ብሎ ያምን ነበር። በ1976 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ተደብቆ የተረኩን ሁለተኛ ክፍል እየጻፈ ይልክ ነበር። በ1977 ታፍኖ ተወሰደ፤ ደብዛውም ጠፋ። አራት ሴት ልጆቹም እንዲሁ ተወስደው ቀሩ። ተረኩ ግን አልጠፋም። በ2025 ተከታታይ ፊልም ሆኖ ተሠርቶ፣ ኦስተርሔልድ ከታፈነ በኋላ የተወለደ ትውልድ ተመልክቶታል።

የተሣለው ሰው ብዕር ሲይዝ

ወደ አህጉራችን ስንመለስ ታሪኩ በስድብ ይጀምራል። የቤልጅጉ ሠዓሊ ኤርዤ በ1930 እና በ1931 ቲንቲን የተባለውን ባለታሪኩን ወደ ኮንጎ ልኮ፣ ኮንጎዎቹን ነጭ ካልመራቸው የማይረባ ሥራ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች አድርጎ ሣላቸው። ኤርዤ ኮንጎን ሄዶ አላየም። ነገር ግን ይኸው ጥበብ በኮንጎዎች እጅ ገብቶ ሌላ ነገር ሆነ። ከነጻነት በኋላ በ1968 በኪንሻሳ «ጀን ፑር ጀን» የተባለ የወጣቶች መጽሔት ወጣ። ቋንቋው መምህራን ያስተማሩት ፈረንሳይኛ ብቻ አልነበረም፤ የሰፈር ልጆች ሊንጋላንና ፈረንሳይኛን አደባልቀው የፈጠሩት ኢንዱቢል የተባለው የአራዳ ቋንቋም ገባበት። ወጣቶቹ በትምህርት ቤት ቢናገሩት የሚቀጡበትን ቋንቋ በመጽሔት አነበቡት።

ከዚያም በኋላ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ፓፓ ምፉሙኤቶ የተባለ ሠዓሊ በሊንጋላ የሥዕል ተረኮች እየሠራ በርካሽ አባዝቶ በኪንሻሳ ገበያና ጎዳና ላይ አሸጠ። ትልቅ ማተሚያ ቤት አልነበረውም፤ ውድ ወረቀትም አልነበረውም። በ1990 ካወጣቸው ተረኮች በአንዱ አንድ ዘናጭ ሀብታም ሴትን አባብሎ ወደ ቤቱ ወስዶ፣ ወደ ዘንዶ ተለውጦ ይውጣታል፤ ከዋጣትም በኋላ ገንዘብ ይተፋል። አገሪቱ ያን ጊዜ ዛየር ትባል ነበር፤ ሞቡቱም ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ገዝቷል። ተረኩ የማንንም ስም አልጠራም። ነገር ግን ሰው እየዋጠ ገንዘብ የሚተፋው ማን እንደ ሆነ አንባቢው ለራሱ ያውቃል። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ በ1973 ሂላሪ ንግዌኖና ቴሪ ኸርስት በናይሮቢ «ጆ» የተባለ መጽሔት መሠረቱ። ጆ የናይሮቢ ተራ ነዋሪ ነው፤ ደመወዙ ከወሩ የሚያጥር፣ ችግሩን በቀልድ የሚያሳልፍ። መጽሔቱ የሥዕል ተረክና አጫጭር ልብ ወለድ አንድ ላይ ይዞ እስከ 1979 ዘለቀ። ኸርስት በ1980ዎቹ «ፒቻዲቲ» በተባሉ ተከታታይ መጻሕፍት የኬንያን አፈ ታሪኮች በሥዕል አቀረበ። በ2010 ደግሞ «ሹጃዝ» የተባለው በሼንግ፣ በናይሮቢ ወጣቶች ቋንቋ፣ የተጻፈ የሥዕል ተረክ በጋዜጣ ውስጥ ተከትቶ በነጻ ይታደል ጀመር። ከሜክሲኮው «ፔፒን» እስከ «ሹጃዝ» ከሰባ ዓመት በላይ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። ወረቀቱ ርካሽ ወይም ነጻ፣ ቋንቋው የጎዳናው፣ ባለታሪኩም አንባቢው ራሱ።

የእኛስ?

«እኛ ይህን ጥበብ አናውቀውም» የሚል ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አላነሣም ማለት ነው። የቻይናው ደራሲ ሉ ሹን በ1932 የጎዳናውን የሥዕል ተረክ ከሚንቁ ምሁራን ሲከላከል ያቀረበው ማስረጃ ይኸው ነበር። በሮም የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉት ታላላቅ ሥዕሎች ተከታታይ የሥዕል ታሪኮች አይደሉም ወይ? ብሎ ጠየቀ። እርሱ የኢትዮጵያን ቢያይ ኖሮ ማስረጃው በበዛለት ነበር። የቅዱሳን ገድል በግድግዳ ላይ ከክፍል ወደ ክፍል እየተከተለ ይተረካል፤ በየሥዕሉም አጠገብ ማን ምን እንዳደረገ ይጻፋል። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን በሥዕሉ ያነብባል።

ከዚህም የሚቀርብ አለ። በሃያኛው መቶ ዓመት የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በጨርቅ ላይ በሣጥን በሣጥን ከፋፍለው ይሥሉ ነበር። ብዙ ጊዜ አርባ አራት ሣጥን ይሆናል። ሕዝብ ከሚገብርለት ዘንዶ ይጀምርና ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ስትጓዝ፣ ምኒልክ ሲወለድ፣ ታቦቱ ሲመጣ እያሳየ ይሄዳል። በየሣጥኑ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ይህ የሥዕል ተረክ ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው? ልዩነቱ ገዢው ላይ ነው። የሜክሲኮውን የገዛው የሜክሲኮ ጫማ ጠራጊ ነው። የእኛን ከገዙት ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ጠቅልለው ይዘውት ሄደው በየሳሎናቸው ሰቀሉት። በማተሚያ ተባዝቶ በሳንቲም ወደ ሰፊው ሕዝብ የሚመለስበት መንገድ አልተገኘም። የተማረው ሰው ነገሩን የቱሪስት ዕቃ ብሎ አለፈው፤ በንጉሡም ሆነ በደርግ ዘመን የነበረው ሳንሱርም በጎዳና ቋንቋ ለሚቀልድ መጽሔት በር የሚከፍት አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ በ2018 «ጀምበር» የተባለ የኢትዮጵያዊ ጀግና የሥዕል ተረክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። መልካም ጅምር ነው። የቦሮላ ዓይነት፣ ከጓዳ የምትነሣ ባለታሪክ ግን ገና ሠዓሊዋን ትጠብቃለች።

ይህ ሁሉ በካምፕ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ምን ይነግረናል? በየጤና ጣቢያውና በየእደላው ቦታ የተለጠፉትን ሥዕሎች እንመልከት። እጅህን ታጠብ፤ ልጅሽን አስከትቢ፤ ተራ ያዙ ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ የሚጠቅምም ነው። በሥዕሎቹ ውስጥ ያለው ስደተኛ ግን ሁልጊዜ የሚመከር እንጂ የሚናገር ሰው አይደለም። ስም የለውም፤ አይቀልድም፤ ትናንት ምን እንደ ነበረ አይታወቅም። የሣለው ሰው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። ሩቅ ሆኖ ስለ ሣለ ነው፤ ኤርዤም ኮንጎን የሣለው ከሩቅ ሆኖ ነበር። ከሩቅ የሚሣል ሰው ፊት አይኖረውም።

ይህ መጽሔታችን በእጅ ይጻፋል፤ በእጅም ይገለበጣል። ስለዚህ ብዙዎች የጎደለን ነገር አድርገው ያዩታል። እስካሁን ያየነው ታሪክ ግን ሌላ ይላል። ማተሚያ የማይፈልግ የሥዕል ተረክ ሊኖር ይችላል፤ አራት ሣጥን፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ ሰው የሚያውቀው እውነት ይበቁታል። የውሃ ወረፋው አለ። አስተርጓሚው አለ፤ አሥር ደቂቃ የተለቀሰውን በሦስት ቃል የሚጨርሰው። አንዱን የራሽን ካርድ ለሦስት ቤት ለማብቃቃት ስትጥር የምትውል ቦሮላም በየመጠለያው አለች። ሁሉም ሠዓሊ ይፈልጋሉ።

ሆኖም ከ«ሜሚን ፒንጊን» የምንማረውን አንርሳ። ሥዕሉ ወደ መጽሔቱ ከመግባቱ በፊት ለተሣለው ሰው ይታይ። እርሱ ራሱ አይቶ ከሳቀ ለሌላው ይዞራል። ፊቱ ከጠቆረ ግን ተቀድዶ እንደ ገና ይሣል፤ ወረቀቱ ውድ ቢሆንም።